ትኬቱ የማይነግረን ሰዓት

በሰሜኑ የብርድ ወራት፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፣ ከሆንግ ኮንግ ጠዋት 3 ሰዓት የተነሳ አውሮፕላን ቶኪዮ የሚያርፈው ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ነው። በማግስቱ ከቶኪዮ በዚያው በ3 ሰዓት ቢነሳ ደግሞ 7 ሰዓት ገደማ ሆንግ ኮንግ ይገባል። ትኬቱን ያየ ሰው መሄጃው 5፣ መመለሻው 4 ሰዓት ይፈጃል ብሎ ይደመድማል። እውነቱ ተቃራኒው ነው።

ትኬት ላይ የሚጻፈው የየከተማው ሰዓት ሲሆን ቶኪዮ ከሆንግ ኮንግ በ1 ሰዓት ትቀድማለች። ይህ ሲታሰብ መሄጃው 4፣ መመለሻው 5 ሰዓት ይሆናል። (ሰዓት ካነሳን አይቀር፦ ቶኪዮ ከአዲስ አበባ በ6 ሰዓት ትቀድማለች፤ የእኛ አቆጣጠርም ከእነሱ አቆጣጠር በ6 ሰዓት ይለያል። ሁለቱ ሲደመሩ 12 ስለሚሆኑ በአገራችን አቆጣጠር የተሞላ የእጅ ሰዓት ቶኪዮ ላይ ማስተካከል አያስፈልገውም። እኛ ጠዋት 3 ሰዓት ስንል እነሱም ከሰዓት በኋላ 3 ይላሉ።)

ርቀቱ በሄዱበትም በመጡበትም ያው 2,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? ብዙዎች ምድር ስለምትዞር ነው ይላሉ። ነገር ግን ምድር ወደ ምሥራቅ የምትዞረው አየሩንም ይዛ ነው። ከተማዋ ብቻዋን ከአውሮፕላኑ ሥር ብትሸሽ ኖሮ እንዲያውም ወደ ምሥራቅ መሄድ በዘገየ ነበር።

ምክንያቱ ነፋስ ነው። የሳይቤሪያ ቀዝቃዛ አየር ከደቡቡ ሞቃት አየር ጋር በሚገናኝበት ሰማይ፣ ከ10 ኪሎ ሜትር ከፍታ ገደማ ላይ፣ ጄት ስትሪም የሚባል ፈጣን ነፋስ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። የሙቀቱ ልዩነት ሲሰፋ ነፋሱም ይበረታል። በብርድ ወራት ጃፓን ላይ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር የሚያልፍበት ጊዜ አለ።

ሒሳቡን እንሥራው። አውሮፕላኑ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ይበራል፣ ነፋሱም በአማካይ 150 ነው እንበል። ሲሄድ በ1,050 ፍጥነት 2 ሰዓት ከ46 ደቂቃ፣ ሲመለስ በ750 ፍጥነት 3 ሰዓት ከ52 ደቂቃ በአየር ላይ ይቆያል። የቀረው ለመንደርደር፣ ለመውጣትና ለማረፍ የሚውል ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ነፋሱ ሲሄዱ የሰጠውን ሲመለሱ በልክ አይደለም የሚወስደው። ነፋስ ባይኖር ደርሶ መልሱ 6 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ይሆን ነበር፤ ከነፋሱ ጋር ግን 6 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ነው። አውሮፕላኑ ነፋሱን ሲታገል የሚቆየው ነፋሱ ሲያግዘው ከሚቆየው ስለሚበልጥ ነው።

ይህን ነፋስ ቀድሞ የለካው ጃፓናዊው የአየር ጠባይ ተመራማሪ ዋሳቡሮ ኦይሺ ነው፤ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከቶኪዮ ብዙም በማይርቀው ታቴኖ ጣቢያ ፊኛ እየለቀቀ። ዓለም ያነበዋል ብሎ ግኝቱን ለዓለም አቀፍ መግባቢያነት ተብሎ በተፈጠረው በኤስፐራንቶ ቋንቋ አሳተመው፤ አንባቢ ግን አላገኘም። ያን የመሰለ ሥራ በቋንቋ ምርጫ ምክንያት ተደብቆ መቅረቱ ያሳዝነኛል። ከዓመታት በኋላ እንኳ፣ በ1944 (እ.ኤ.አ.)፣ ወደ ቶኪዮ የበረሩት የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አብራሪዎች ነፋሱ ድንገተኛ ሆኖባቸዋል።

ዛሬ የበረራ ዕቅድ አውጪዎች የነፋሱን ትንበያ አይተው ነው መስመር የሚመርጡት። ወደ ቶኪዮ ሲሆን ነፋሱ የሚበረታበትን ከፍታ ይፈልጋሉ፤ ሲመለሱ ከነፋሱ እምብርት ለመራቅ ዝቅ ይላሉ፣ ወይም ዞር ይላሉ። ተሳፋሪው ከፊቱ ባለው ስክሪን ላይ መስመሩ ጎበጥ ብሎ ቢያይ ጉዞው በኪሎ ሜትር እየረዘመ በሰዓት እያጠረ ሊሆን ይችላል።