ስለ እንቅስቃሴ ዐይነት፤ ከወንጭፍ እስከ መኪና

የእንቅስቃሴን ነገር መመርመር ለተማሪ ቤት ልጆች ብቻ የተተወ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ዳሩ ግን ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ ወደ ቡሬ የሚጓዝ ሰው አስተውሎ ቢመለከት ትምህርቱን በመንገድ ዳር ተዘርግቶ ያገኘዋል። ፍኖት በግዕዝ መንገድ ማለት ነውና ከመንገድ ብንጀምር የተገባ ነው።

በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት 30 ኪሎ ሜትር አይሞላም። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር የሚራመድ እግረኛ እርምጃውን ሳያፈጥንና ሳያዘገይ ቀጥ ብሎ ቢሄድ እንቅስቃሴው ወጥ ይባላል። ከገደል የተለቀቀ ድንጋይ ግን እየፈጠነ ይሄዳል፤ በአንድ ሴኮንድ 5 ሜትር ያህል፣ በሁለት 20፣ በሦስት 45 ሜትር ይወርዳል። ጊዜው ሦስት እጥፍ ሲሆን ርቀቱ ዘጠኝ እጥፍ መሆኑን ልብ ይሏል።

በአውድማ ላይ እህል የሚያበራዩ በሬዎች የሚያደርጉት የዙሪያ እንቅስቃሴ ነው። ዙሩን አብረው ይፈጽማሉ፤ ሆኖም በዳር ያለው በሬ ከውስጠኛው ይልቅ ብዙ መንገድ ስለሚሄድ መፍጠን ግድ ይሆንበታል። የፈታይዋ እንዝርት ደግሞ ቦታዋን ሳትለቅ በራስዋ ላይ ትሾራለች።

የተንጠለጠለ ነገር ወዲያና ወዲህ ሲል ውዝዋዜ ይባላል። በ1 ሜትር ክር ላይ ጠጠር አስሮ ጥቂት ገፋ አድርጎ ቢለቁት ደርሶ መልሱ 2 ሴኮንድ ያህል ነው፤ ጠጠሩ ቢከብድም ቢቀልም አይለወጥም። ኢጣሊያዊው ጋሊሌዎ የመረመረው ይህንን ነው። ልጆች በቤታቸው ሊፈትኑት ይችላሉ።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን ወንጭፍ ነው። በማማ ላይ ሆኖ በቆሎ የሚጠብቅ ልጅ አንዱን ገመድ ሲለቅ ጠጠሩ ወዴት ይሄዳል? ብዙ ሰው ከመካከሉ ወደ ውጭ ይወረወራል ይላል። እንደዚያ አይደለም፤ በተለቀቀበት ቅጽበት ይጓዝበት በነበረው አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሲያዞረው የነበረው የገመዱ ስበት ነውና ገመዱ ሲለቀቅ መዞሩ ይቀራል። ከዚያም መሬት ስለምትስበው እየጎበጠ ይወርዳል፤ አንዱ ጠጠር ወደ ፊት መሄድንና መውደቅን በአንድነት ይፈጽማል። ኒውተን ይህን ሕግ በመጽሐፍ ያሳተመው በ1687 ዓመተ ምሕረት በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ይህ ነገር የልጆች ጨዋታ ብቻ አይምሰል። መኪና በጠማማ መንገድ ሲታጠፍ በገመዱ ፈንታ የሚይዘው የጎማና የመንገድ መያያዝ ነው። ተሳፋሪው ወደ ውጭ የተገፋ ይመስለዋል፤ የገፋው ግን የለም፤ እርሱ በቀድሞው አቅጣጫ ሊሄድ ሲል መኪናው ከሥሩ ታጥፎበት ነው። ፍጥነቱ በሰዓት ከ30 ወደ 60 ኪሎ ሜትር ቢያድግ መኪናውን በመታጠፊያው ላይ ለመያዝ የሚያስፈልገው ኀይል እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። የክረምት ዝናብ ደግሞ መያያዙን ያላላዋል። ጭነት በጣራው ላይ የተቈለለ እንደ ሆነም መኪናው ሳይንሸራተት ይገለበጣል። ከጎጃም ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ብዙ ሰው የሚያልፍበት፣ በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል ያለው የዓባይ በረሓ ቍልቍለት ለዚህ ዋና ምስክር ነው። ስለዚህ ብልህ ሹፌር ፍሬን የሚይዘው መታጠፊያው ሳይደርስ ነው፤ ጎማ ለመታጠፍም ለመቆምም የሚጠቀመው በዚያው በአንዱ መያያዝ ነውና።