ቁጥሩን በየትኛው ቋንቋ ያዙት?

ስልክ ቁጥር ሲነገርዎ እስኪጽፉት ድረስ በሆድዎ ይደጋግሙታል አይደል? ይህን ጊዜያዊ ችሎታ ባለሙያዎች “የሥራ ትውስታ” ይሉታል። አለን ባድሊና ግራሃም ሂች በ1974 እ.ኤ.አ. ይፋ ካደረጉት ጥናት ወዲህ ብዙ ተጽፎበታል። የሰማነው ድምፅ እየደጋገምን ካላደስነው በሰከንዶች ውስጥ ይጠፋል።

እስቲ ማያሚ ውስጥ በቤቱ ስፓኒሽ፣ በትምህርት ቤቱ እንግሊዝኛ የሚናገር ልጅ ያስቡ። ከ1 እስከ 9 ያሉት የእንግሊዝኛ ቁጥሮች ከ7 በቀር ባለ አንድ ክፍለ ቃል ናቸው። በስፓኒሽ ግን “ኩዋትሮ”፣ “ሲንኮ”፣ “ኦቾ” እያለ አብዛኛው ይረዝማል። ረጅም ቃል ለመደጋገም ጊዜ ይፈጃል፤ ስለዚህ ልጁ በስፓኒሽ የሚይዛቸው ቁጥሮች ሊያንሱ ይችላሉ። ልዩነቱ የመጣው ከቃሉ ርዝመት እንጂ ከልጁ ድክመት አይደለም።

እርስዎም ውጭ አገር ልጅ እያሳደጉ ከሆነ፣ የማስታወስ ፈተና ውጤቱ ዝቅ ቢል “አማርኛውን እንተወው” ከማለትዎ በፊት “የተፈተነው በየትኛው ቋንቋ ነው?” ብለው ይጠይቁ። ከተቻለ በሁለቱም ይፈተን። ሁለት ቋንቋ አእምሮን ያሰላል የሚለው ሐሳብ ተመራማሪዎችን ዛሬም ያከራክራል። ከአያቱ ጋር የሚያጫውተው ቋንቋ ጥቅም ግን አያከራክርም።