በሥራ ቦታ የሚደረግ የአደንዛዥ ዕፅና የኒኮቲን ምርመራ እና የሠራተኛው የግል ነፃነት

መግቢያ

ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ ደጋማ ወረዳዎች ሥራ ፍለጋ ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ አዲስ አበባ የሚወርዱ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ለቅጥር የሚጠየቁትን የጤና ምስክር ወረቀት አንዳንዶቹ የሚያወጡት በትውልድ አካባቢያቸው ካለ የጤና ተቋም ነው። በመሐል ሜዳ፣ በሞላሌ፣ በራቤል ወይም በዓለም ከተማ የሚሠራ የጤና ባለሙያ የሚፈርምባት አንዲት ወረቀት የአንድን ቤተሰብ እንጀራ የምትወስንበት ጊዜ አለ። አሠሪው በደብዳቤው «የአደንዛዥ ዕፅና የኒኮቲን ምርመራ ይደረግለት» ብሎ ቢጠይቅ ባለሙያው ምን ማድረግ ይገባዋል? ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን ከሕግ፣ ከላቦራቶሪ ሳይንስና ከሙያ ሥነ ምግባር አንጻር ለማብራራት ይሞክራል።

የጥያቄው ሁለት ገጽታ

የአሠሪው ሥጋት መሠረት የሌለው አይደለም። የጣርማበርን ጠመዝማዛ ወይም የጀማን ሸለቆ ቁልቁለት መንገደኛ ጭኖ የሚወርድ ሹፌር ሰክሮ ቢገኝ አደጋው በእርሱ ብቻ አያበቃም። የአዋቂ ሰው ጉበት በሰዓት የሚያስወግደው አልኮል በአማካይ በ100 ሚሊ ሊትር ደም ከ15 እስከ 20 ሚሊ ግራም ያህል ነው። በመሆኑም በብርዱ አገር አረቄ ሲጠጣ ያመሸ ሹፌር ንጋት ላይ መሪ ሲይዝ ከስካሩ ገና ላይላቀቅ ይችላል።

በሌላ በኩል ሠራተኛው ከሥራ ሰዓት ውጪ በቤቱ የሚያደርገው ነገር ሁሉ የአሠሪው ጉዳይ ሊሆን አይችልም። የትምባሆ ተጠቃሚን በአካሉ ላይ ምልክት አድርጎ መለየት በአገራችን አዲስ አይደለም። አጼ ዮሐንስ 4ኛ ትምባሆን ሲከለክሉ የሚያጨሰው ከንፈሩን፣ ሱረት የሚስበው አፍንጫውን እንዲያጣ ማወጃቸውን የታሪክ ጸሐፊዎች ያወሳሉ። የዛሬው ምልክት የላቦራቶሪ ወረቀት ነው፤ ሰውን ከእንጀራው ሊያፈናቅል መቻሉ ግን ጥንቃቄ የሚያሻው ጉዳይ ያደርገዋል።

ሕጉ ምን ይላል?

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን የመከበርና የመጠበቅ መብት ደንግጓል፤ መብቱ የሚገደበውም የሕዝብን ጤንነት እንደ መጠበቅ ባሉ ዓላማዎች ላይ በተመሠረተ ዝርዝር ሕግ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው በአእምሮና በአካል ብቁ ሆኖ በሥራ ላይ እንዲገኝ ያስገድዳል። በአንቀጽ 14ም በሕግ ወይም በበቂ ምክንያት በአሠሪው ሲጠየቅ የጤና ምርመራ ለማድረግ እምቢ ማለትን ከተከለከሉ ድርጊቶች ይቆጥራል፤ የኤች.አይ.ቪ. ምርመራን ግን ከዚህ ግዴታ ነፃ አድርጓል።

ከዚህ ሁለት ነገሮች እንገነዘባለን። አንደኛ፣ አሠሪው ምርመራ የሚጠይቀው «በበቂ ምክንያት» እንጂ እንዳሻው አይደለም። ሁለተኛ፣ ሕግ አውጪው አንድ የምርመራ ውጤት ከሥራ ችሎታ ጋር ሳይገናኝ ሰውን ለመገለል ሊያጋልጥ እንደሚችል ተገንዝቦ ያውቃል።

ስለ ትምባሆ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሥራ ቦታ የቤት ውስጥ ክፍሎች ማጨስን ከልክሏል። የተከለከለው በተወሰነ ስፍራ ማጨስ እንጂ አጫሽ ሆኖ መገኘት አይደለም። የእሳት አደጋ የሚያሠጋው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ክብሪትና ሲጋራ ወደ ግቢው እንዳይገባ ሊከለክል ይችላል፤ ለዚህ የሠራተኛው ሽንት አያስፈልገውም።

በውጭው ዓለም አጫሽን ጭራሽ ያለመቅጠር አሠራር ታይቷል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2005 ማብቂያ ጀምሮ አጫሾችን መቅጠር ያቆመ ሲሆን፣ በአሜሪካ የሚገኘው ክሊቭላንድ ክሊኒክም በ2007 ተመሳሳይ እርምጃ ወስዷል። በአንጻሩ ከግማሽ የሚበልጡት የአሜሪካ ግዛቶች አጫሽ ሠራተኞችን ከእንዲህ ያለ አድልዎ የሚጠብቅ ሕግ አላቸው።

ላቦራቶሪው ምን ይነግረናል?

የምርመራው ዋነኛ ድክመት የሚናገረው ስላለፈው እንጂ ስለ አሁኑ አለመሆኑ ነው። ኒኮቲን በሁለት ሰዓት ያህል በደም ውስጥ በግማሽ የሚቀንስ ሲሆን፣ ውላጁ ኮቲኒን ግን ለዚሁ ከ16 እስከ 20 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ ስለዚህ ለቀናት በሽንት ይገኛል። ሲጋራ፣ ሱረትና ለማቆም የሚሰጥ የኒኮቲን ማስቲካ ሁሉም ኮቲኒን ያስገኛሉ። ማጨስ ለማቆም የሚታገለው ሰው እንደሚያጨሰው ተቆጥሮ ሊቀጣ ነው ማለት ነው። ካናቢስም አዘውትሮ በሚወስድ ሰው ሽንት ውስጥ ለሳምንታት ሊገኝ ይችላል፤ ይህ ግን ሰውየው ዛሬ መደንዘዙን አያሳይም።

ጫት ሌላ ችግር አለው። ካቲኖን በሰውነት ውስጥ በፍጥነት ስለሚለወጥ የተለመደው የአምፌታሚን ፈጣን ምርመራ ጫት መቃምን በአስተማማኝ ሁኔታ አይለይም። በተቃራኒው ሱዶኤፌድሪን ያለበት የጉንፋን መድኃኒት ምርመራውን በሐሰት አወንታዊ ሊያደርገው ይችላል። ኮዴይን ያለበት ሳል ማስታገሻ የወሰደም በኦፒየት ምርመራ አወንታዊ ይሆናል።

ተጠቃሚ በሚያንስበት ማኅበረሰብ ስሕተቱ ይበዛል። ለምሳሌ ከ1,000 ተመርማሪዎች ውስጥ ተጠቃሚዎቹ 20 ናቸው፤ የምርመራው ስሜታዊነትና ልዩነት እያንዳንዱ 95 በመቶ ነው እንበል። ከ20ዎቹ 19ኙ ይለያሉ፤ ከቀሩት 980 ንጹሐን ግን 49ኙ በስሕተት አወንታዊ ይባላሉ። ከ68ቱ አወንታዊ ውጤቶች 72 በመቶው ሐሰት ሆነ ማለት ነው። የማረጋገጫ ምርመራ የግድ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የጤና ባለሙያው ድርሻ

በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው ብሔራዊ የአዋቂዎች ትምባሆ ጥናት የተጠቃሚዎችን መጠን 5 በመቶ አድርጎታል። ትምባሆ እንደ ነውር በሚታይበት የኦርቶዶክስ ደጋ ማኅበረሰብ ደግሞ ውጤቱ ከሥራ አልፎ የሰውን ስም ይነካል። ሁሉም በሚተዋወቅባት ትንሽ ከተማ በጠረጴዛ ላይ የተረሳች ወረቀት ከቤተሰብ ጆሮ እስከ ንስሐ አባት ልትደርስ ትችላለች። ስለዚህ ባለሙያው የሚከተሉትን እንዲያደርግ ይመከራል፦

1. ሥራው ምን እንደሆነና ምርመራው ለምን እንዳስፈለገ አሠሪውን በጽሑፍ መጠየቅ። የሹፌርና የጥበቃ ሠራተኛ ጉዳይ ከጸሐፊ ጉዳይ ይለያል።

2. ለተመርማሪው ምን እንደሚመረመር፣ ውጤቱ ለማን እንደሚደርስና እምቢ ማለት ምን እንደሚያስከትል አስረድቶ በፊርማው ፈቃዱን መቀበል።

3. የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች አስቀድሞ መመዝገብ።

4. በሥራ ላይ ሰክሯል ተብሎ የመጣውን ሰው በአካል መመርመር። የስኳር ማነስ፣ የራስ ቅል ጉዳት ወይም ከሚጥል በሽታ በኋላ የሚታይ መደናገር ስካር ሊመስል ይችላል፤ ቸል ከተባለም ሕይወት ያሳጣል።

5. ያልተረጋገጠን ፈጣን ምርመራ እንደ መጨረሻ ውጤት አለመላክ። ማረጋገጥ ካልተቻለ ውጤቱ ለሥራ ውሳኔ አይበቃም።

6. ለአሠሪው «ለዚህ ሥራ ብቁ ነው»፣ «ብቁ አይደለም» ወይም «በገደብ ብቁ ነው» የሚለውን ብቻ መግለጽ፤ ዝርዝሩን በታካሚው መዝገብ ማቆየት።

7. ሱስ የያዘውን ሰው እንደ ማንኛውም ታካሚ ማማከርና ወደ ሕክምና መምራት።

ማጠቃለያ

የሥራ ምርመራ መመዘኛ ሠራተኛው ሥራውን ያለ አደጋ መሥራት መቻሉ ነው፤ አኗኗሩን መመዘን የምርመራው ዓላማ አይደለም። ተሳፋሪውን ከሰከረ ሹፌር መጠበቅ ግዴታችን የመሆኑን ያህል፣ ወጣቱን ያለ በቂ ምክንያት ከታዘዘና ካልተረጋገጠ ውጤት መጠበቅም ግዴታችን ነው። አሠሪው ደብዳቤ ሊጽፍ ይችላል፤ የሚመረመረው ሰው ግን የእኛ ታካሚ መሆኑ አይቀርም። ፊርማችንን ከማኖራችን በፊት ይህን ማሰብ ይገባናል።