በጎንደር ደጆች ቅኔ የሚቈጥሩ ልጆች

ፀሐይ ከምሥራቁ ተራራ ጀርባ ብቅ ከማለቷ በፊት፣ የሌሊቱ ማኅሌት ጋብ ብሎ ምእመናን ወደየቤታቸው ማምራት በሚጀምሩበት በዚያ ጸጥ ባለ ሰዓት፣ በጎንደር ከተማ ካሉት አድባራት ወደ አንዱ ቅጥር የዘለቀ መንገደኛ በጽድና በወይራ ዛፎች ሥር እዚህም እዚያም ተነጣጥለው የቆሙ ወጣቶችን ያያል። አንዱ ደበሎውን እስከ ጆሮው ጠቅልሎ ግንብ ተደግፏል፤ ሌላው በድንጋይ ላይ ተቀምጦ በጣቶቹ አንዳች ነገር ይቈጥራል፤ ሦስተኛው ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ዐሥር እርምጃ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይሄዳል። እርስ በርሳቸው አይነጋገሩም፤ በእጃቸውም መጽሐፍ ወይም ደብተር የለም። ነገሩን የማያውቅ ሰው ሥራ ፈት ናቸው ብሎ ሊያልፋቸው ይችላል። እነርሱ ግን የዕለቱን ከባድ ሥራቸውን እየሠሩ ነው፤ ትናንት ያልነበረ፣ ማንም ያልተናገረው አዲስ ቅኔ በልባቸው እየቈጠሩ ነው።

ብዙዎቹ ከዐሥራ ሁለት ዓመት በላይ ሃያ ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ናቸው። ከወገራ፣ ከዳባት፣ ከደባርቅ፣ ከጃናሞራና ከበለሳ፣ አንዳንዶቹም ከጎጃምና ከወሎ በእግራቸው የመጡ ናቸው። አባት ልጁን ለእርሻና ለከብት ጥበቃ ይፈልገዋልና ስንቱ ሌሊት ኮብልሎ፣ ስንቱ ደግሞ በእናቱ ዕንባና ምርቃት ተሸኝቶ ወጥቷል! እንዲህ አድርጎ ልጁ ዕውቀትን ፍለጋ የአባቱን ቤት ትቶ ይወጣል። ሆኖም ትምህርቱ ራሱ ደረጃ በደረጃ «ቤት» ተብሎ ይጠራልና ከንባብ ቤት ወደ ዜማ ቤት፣ ከዜማ ቤት ወደ ቅኔ ቤት፣ ከቅኔ ቤትም ወደ መጽሐፍ ቤት እየተሸጋገረ፣ በየኔታ ደጅ በሣርና በጭራሮ በሠራት ጎጆ ውስጥ ዕድሜውን ያሳልፋል።

በንባብ ቤት ልጁ ፊደል ቈጥሮ፣ መልእክተ ዮሐንስን ዘልቆ፣ 150ውን መዝሙረ ዳዊት በቃሉ እስኪወጣ ድረስ ይደግማል። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንደበቱ በግእዝ ይፈታ እንጂ የሚያነበው ቃል ምን ማለት እንደ ሆነ የሚያውቀው ጥቂቱን ነው። ዳዊትን ሌሊት ሌሊት እንደ ውኃ የሚያወርድ ብላቴና «ይህ ምን ማለት ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ ሊያቀረቅር ይችላል። ይህን ያህል ዓመት በደጁ ሲመላለስበት የነበረው የቋንቋው ቤት የሚከፈትለት በቅኔ ቤት ነው፤ ቁልፉም የሚሰጠው በሁለት መንገድ ነው፤ አንዱ ግስ፣ ሁለተኛው ቅኔ ነው።

ግስ ማለት የግእዝን ቃላት ከነትርጓሜያቸውና ከነእርባታቸው በቃል ማጥናት ነው። ሊቃውንቱ የግእዝን ግሦች በስምንት አርእስት ከፋፍለው ያስተምራሉ፤ እነርሱም ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ተንበለ፣ ባረከ፣ ማኅረከ፣ ሴሰየ፣ ክህለ፣ ጦመረ ናቸው። ልጁ «ቀተለ» ሲል ገደለ፣ «ይቀትል» ሲል ይገድላል፣ «ይቅትል» ሲል ይገድል ዘንድ፣ ዳግመኛ «ይቅትል» ሲል ይግደል እያለ የቃሉን ኀላፊውንና ትንቢቱን፣ ዘንዱንና ትእዛዙን ይለያል። ከዚያ በኋላ አንድ አዲስ ግሥ በሰማ ቍጥር ከስምንቱ የማንኛው ቤተ ሰብ እንደ ሆነ አውቆ ያለ ረዳት ያረባዋል። አገባብ የሚባለው ትምህርት ደግሞ ቃልን ከቃል የሚያያይዙትን ጥቃቅን ቃላት ሥራ ያስተምረዋል። ይህ ሁሉ አድካሚ ነው፤ ነገር ግን ቋንቋ በየትም ሀገር ያለዚህ ዓይነት ድካም አልተለመደም።

ይልቁንም የቅኔ ቤትን ከሌላው የቋንቋ ትምህርት የሚለየው ሁለተኛው ነገር ነው። ተማሪው ጥቂት ግስ እንዳጠና፣ ገና ቃላቱ በአፉ ሳይረጉ፣ የራሱን ቅኔ እንዲቈጥር ይታዘዛል። የመጀመሪያው ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ፣ ያለው ጉባኤ ቃና ነው። እርሱን ሲችል ወደ ዘአምላኪየ፣ ወደ ሚበዝኁ፣ ወደ ዋዜማ፣ ወደ ሥላሴ፣ ወደ ዘይእዜ እያለ እየሰፋና እየረዘመ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ስምንት ቤት ካለው ከመወድስ ይደርሳል። በየደረጃው ሕጉ አንድ ነው፤ የትናንቱን ቅኔ ዛሬ መድገም አይቻልም፣ የባልንጀራን ቅኔ ወስዶ መናገርም ነውር ነው። ማለዳ የቈጠረውን ከሰዓት በኋላ ለየኔታ ወይም ለረዳታቸው ለአስነጋሪው ይነግራል፣ ይታረምለታል፤ ማታ ደግሞ የኔታ ራሳቸው ቅኔ ሲዘርፉና የቅኔውን ምሥጢርና ሙያ ሲገልጡ ያዳምጣል። በማግሥቱ እንደ ገና ከባዶ ይጀምራል። በዚህ ዓይነት ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ዓመት ይቈያል።

ነገሩን በቅርብ ለማስረዳት አንድ ቀን ያየሁትን ልንገራችሁ። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። ዐሥራ አምስት ዓመት የሚሆነው አንድ የወገራ ልጅ በየኔታ ፊት ጐንበስ ብሎ ጉባኤ ቃናውን ነገረ። ሰሙ፣ ማለትም የላይኛው ትርጕም፣ የእርሻ ነበር፤ ገበሬው ሞፈሩን ተሸክሞ ወደ እርሻው ወጣ፣ የቀበረውም ዘር በሦስተኛው ቀን በቀለ የሚል ነው። ወርቁ፣ ማለትም ውስጠኛው ምሥጢር፣ ግልጽ ነው፤ ገበሬው ክርስቶስ፣ ሞፈሩ መስቀል፣ እርሻው ቀራንዮ፣ የዘሩ መብቀልም ትንሣኤ ነው። እኔ በዚያ ዕድሜ ይህን ማሰቡ እጅግ ደንቆኝ ሳለሁ የኔታ ዐይናቸውን ከድነው ጥቂት ዝም አሉና «የማን ልጅ ነህ?» ብለው ጠየቁት። «የገበሬ ልጅ ነኝ የኔታ» አለ። «የአባትህ ገብስ በስንት ቀን ይበቅላል?» ልጁ ዐፈረ። «በሳምንት ነው፣ የኔታ» አለ። «ታዲያ ሰሙን ስለ ምን አዋሸኸው ልጄ? ወርቁ እውነት እንዲሆን ሰሙም እውነት ይሁን፤ ሂድ፣ ቍጠረው» አሉት። ልጁም ሄደ። በማግሥቱ ተመልሶ በመጣ ጊዜ ዘሩን ትቶት ነበር፤ በእርሱ ፈንታ ገበሬው በእርሻ ሲደክም ውሎ እንደ አንቀላፋና ዶሮ ሲጮኽ እንደ ተነሣ ተናገረ። የኔታም «ይበል!» አሉ፤ ዙሪያውን የተቀመጡት ተማሪዎችም «ይበል! ይበል!» እያሉ ተቀበሉት። በዚያ ልጅ ፊት ላይ ያየሁትን ብርሃን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

በዚህ ውስጥ ያለውን የትምህርት ብልሃት ልብ በሉ። ልጁ በአንድ ጊዜ ሰዋስው ተማረ፣ መጽሐፍ ተማረ፣ ያደገበትን እርሻ በአዲስ ዐይን አየ፣ ደግሞም የገዛ አእምሮው ፍሬ በጉባኤ ፊት ሲመዘን ሰማ። ዛሬ ልጆቻችን በመደበኛው ትምህርት ቤት እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምረው ይማራሉ፤ ሁለተኛ ደረጃ ሲገቡም አብዛኛው ትምህርት በእርሱ ይሰጣል፤ ነገር ግን በዚያ ቋንቋ ከራሳቸው አውጥተው አንድ አንቀጽ እንዲደርሱ የሚጠየቁበት ቀን ጥቂት ነው። በቅኔ ቤት ግን ቋንቋው የሚለመደው በመድረስ ነው፤ ሳይደርሱበት የሚታለፍ ዕለት የለም። የቋንቋ መምህራን የሆናችሁ ሁሉ አንድ ማለዳ ወደዚያ ወርዳችሁ ብታዩ የምትወስዱት ነገር እንደማይጠፋ እኔ አልጠራጠርም።

ይህ ትምህርት በጎንደር ሥር የሰደደው ያለ ምክንያት አይደለም። አፄ ፋሲል በ17ኛው ምእት ዓመት ከተማዋን መናገሻ ካደረጓት በኋላ ነገሥታቱና እቴጌዎቹ አድባራትን እየተከሉ ርስትና ጉልት ስለ ሰጧቸው ሊቃውንት ከየአውራጃው ተሰበሰቡ። እቴጌ ምንትዋብ የቍስቋምን ደብር ያሠሩት በ18ኛው ምእት ዓመት ነው። የመጻሕፍቱን ትርጓሜ ታች ቤት በሚባለው ሥርዐት ያደላደሉት መምህር ኤስድሮስም የጎንደር ሊቅ ነበሩ። በዓታ ለማርያም ደግሞ እስከ ዛሬ የአቋቋም፣ ማለትም በማኅሌት ከዜማው ጋር የሚሄደው የእንቅስቃሴ ትምህርት፣ ምስክር ቤት ናት፤ አቋቋም ተምሬአለሁ የሚል ሁሉ ከዚያ ተመስክሮለት መውጣትን እንደ ክብር ይቈጥራል። በቀልዳቸው ሀገር ሁሉ የሚያውቃቸው አለቃ ገብረ ሐናም የዚህችው የጎንደር የአቋቋም ሊቅ ነበሩ፤ ከጣና ሞገድና ከሸምበቆ መወዛወዝ አዩት የሚባለውን አዲስ እንቅስቃሴ ጎንደሮች አንቀበልም ስላሉ፣ ልጃቸው ተክሌ በደብረ ታቦር አስተምሮት «ተክሌ» በሚል ስም እንደ ቀረ ይነገራል።

በ1880 ዓ.ም. ድርቡሽ ጎንደርን ባቃጠለ ጊዜ ከአድባራቱ አብዛኞቹ ከነመጻሕፍቶቻቸው ነደዱ፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ ነው። ጉባኤው ግን ከዚያ በኋላም ተመልሶ ተተከለ፤ ትምህርቱ በመምህራኑ ልብ ተጽፎ ይኖር ነበርና እሳቱ ሊደርስበት አልቻለም።

ከቅኔ ቤት የወጡት ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ብቻ አልቀሩም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የደረሱት ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው በጎጃም አድባራት ቅኔ የተማሩ ነበሩ። መንግሥቱ ለማም የአባታቸውን የአለቃ ለማን ትዝታ ከአንደበታቸው ተቀብለው በ1959 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ የቀድሞው ተማሪ ከደብር ደብር ሲንከራተት የኖረውን ሕይወት ሕያው አድርገው አቈይተውልናል። ሴቶች ልጆች በዚህ ጉባኤ እምብዛም ስፍራ አላገኙም፤ ይህም በእውነት ጉድለት ነው። በጎጃም ጽላሎ ዐይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ወንዶቹን ደቀ መዛሙርት ሰብስበው ቅኔ ያስተምሩ እንደ ነበር የሚያስታውስ ሰው፣ ጉድለቱ የችሎታ እንዳልሆነ ያውቃል።

የተማሪውን ኑሮ ግን ማሳመር አይገባኝም። ደባርቅን የመሰለው ደጋ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ነው፤ በዚያ ብርድ በአንድ ጎጆ ሦስትና አራት ልጆች ተቃቅፈው ያድራሉ። ቀን አኩፋዳቸውን አንግተው «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ከደጅ ደጅ ይዞራሉ፤ ውሻ ይነክሳቸዋል፣ ያገኙትም ቍራሽ ደርቆ ኮቸሮ ይሆናል። ልብስ ለመቀየርና ገላ ለመታጠብ ዐቅም ስለሌላቸው በቅማል የሚተላለፍ ትኩሳት ስንት ጊዜ ጎጆአቸውን እንደ ገባ የጤና ሰዎች ያውቃሉ። አእምሮን ይከፍታል ተብሎ አብሾ የሚጠጣም አለ፤ ይህ ጤናን የሚያናጋ ልማድ ስለ ሆነ መምህራኑ ሊከለክሉት ይገባል እላለሁ። ርሀብ ትምህርትን ያጠነክራል የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ልጁን ያጠነከረው የዕውቀት ፍቅሩ እንጂ ርሀቡ ነው ብዬ አላምንም። ርሀቡማ ስንቱን ባለ ብሩህ አእምሮ ከመወድስ ሳይደርስ ወደ ቀን ሥራ መልሶታል።

ዛሬ አንዳንዶቹ ቀን ቅኔ ቈጥረው ማታ መደበኛ ትምህርት ይማራሉ። ይህን እንደ መክዳት የሚያዩት አሉ፤ ለእኔ ግን መልካም ነው፣ ግእዝን አጥርቶ የሚያውቅ ልጅ ሒሳብና ሳይንስ ቢጨምርበት የሚጐዳ ማንም የለምና። በአንድ ጎጆ ውስጥ የአንድ ተማሪ የፊዚክስ መጽሐፍ ከጭራሮው ግድግዳ ላይ በአኩፋዳው ጐን ተንጠልጥሎ አይቻለሁ።

ስለዚህ የጎንደርና የአካባቢዋ ሰዎች ሆይ፣ ከእንግዲህ ማለዳ በደጃችሁ ያንን የታወቀ ጥሪ ስትሰሙ ውሻውን ያዙለት፤ ከተቻለ ትኩስ እንጀራ ስጡት፣ የሚበቃው አሮጌ ጋቢ ካላችሁም ጨምሩለት። ቍራሹን ተቀብሎ ከመሄዱ በፊት ደግሞ አንድ ነገር ጠይቁት፤ «ከየትኛው ቅኔ ደረስህ ልጄ?» በሉት። ጉባኤ ቃና ላይ ያለም ቢሆን ዛሬ የቈጠረው ስለማይጠፋው፣ ቆም ብላችሁ አድምጡት።