ማሽኑ የተሳሳተ መረጃ ሲደርሰው

በቦሌ አራብሳ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ለሚኖር ተማሪ የአውሮፕላን ድምፅ አዲስ ነገር አይደለም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እሑድ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ላይ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 ከቦሌ ወደ ምሥራቅ ተነሣ። ከስድስት ደቂቃ በኋላ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከሰከሰ፤ 157 ሰዎችም በሙሉ ሕይወታቸው አለፈ። ይህን አሳዛኝ አደጋ የምናነሣው፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ፋብሪካንና የኃይል ማመንጫን ይቆጣጠር በሚባልበት በዚህ ጊዜ ከርሱ የበለጠ አስተማሪ ምሳሌ ስላላገኘን ነው።

ቦይንግ 737 ማክስ ኤምካስ የተባለ የቁጥጥር ሥርዓት ተገጥሞለታል። ክንፉ ከሚመጣው አየር ጋር የሚሠራው ማዕዘን ከልክ ሲያልፍ ኤምካስ የጅራቱን አግዳሚ ክንፍ አዙሮ አፍንጫውን ወደ ታች ይደፋል። አውሮፕላኑ ማዕዘኑን የሚለኩ ሁለት ሴንሰሮች ቢኖሩትም፣ ያን ጊዜ ኤምካስ ያመነው አንዱን ብቻ ነበር። የግራው ሴንሰር ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ወደ 74.5 ዲግሪ ሲዘል የቀኙ ከ15.3 አላለፈም። ፊዚክስ የተማረ ሰው እዚህ ላይ ሊጠረጥር ይገባል፤ በአሥሮች ቶን የሚመዝን አካል በዚያች ቅጽበት ይህን ያህል ሊዞር አይችልም። ኤምካስ ግን መጠርጠርን አልተማረም ነበር። አብራሪዎቹ የኤሌክትሪክ ኃይሉን አቋርጠው ክንፉን በእጅ ሊመልሱ ሞከሩ፤ ይሁን እንጂ የአየር ጫና በፍጥነት ካሬ ስለሚያድግ መዘውሩ ከአቅማቸው በላይ ሆነ።

ኤምካስ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አልነበረም፤ ተነብቦ ሊመረመር የሚችል ቀላል ደንብ ነበር። እኛን የሚያሳስበንም ይኸው ነው። ከመረጃ የተማረ የነርቭ መረብ እንዲህ አይነበብም፤ በሥልጠናው ወቅት ያላየው ቁጥር ሲገባበትም እንደ ወትሮው በሙሉ ልብ መልስ ይሰጣል። የሲሚንቶ ምድጃን እንውሰድ። ድንጋዩ የሚጋገርበት ሙቀት ወደ 1450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። የሙቀት መለኪያው ተበላሽቶ በድንገት 900 ቢያነብ፣ መረቡ ምድጃው የቀዘቀዘ መስሎት ነዳጅ ሊጨምር ይችላል።

መፍትሔው መረቡን ይበልጥ ብልህ ማድረግ ብቻ አይመስለንም። ከጎኑ ያልተማረ፣ ግትርና ቀላል ጠባቂ ሊቆም ይገባል፦ ሙቀቱ በሴኮንድ ከዚህ በላይ ሊለወጥ አይችልም፣ ነዳጁም ከዚህ ልክ አያልፍም የሚል። ይህን ጠባቂ በወረቀትና በእርሳስ መመርመር ይቻላል።

ከአደጋው በኋላ ኤምካስም በዚሁ መንገድ ታርሟል። አሁን ሁለቱን ሴንሰሮች ያነጻጽራል፤ በ5.5 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ከተለያዩ አይሠራም። ትእዛዙም አብራሪው መሪውን ስቦ ሊመልሰው ከሚችለው በላይ እንዳይሆን ተገድቧል። ሆኖም ሁለት ሴንሰሮች ሲጣሉ የተሳሳተው የትኛው እንደሆነ ማሽኑ ሊያውቅ አይችልም፤ ሥራውን ማቆም ብቻ ነው የሚችለው። በድንገት ሊቆም የማይገባው ሂደት ሦስተኛ ምስክር ያስፈልገዋል።