ሰው የሚኖርበት የዊንድሰር ግንብ

የጥንት ነገሥታት ያሠሩት ግንብ አብዛኛውን ጊዜ የጎብኚ መመልከቻ የሚሆነው ባለቤቶቹ ከለቀቁት በኋላ ነው። ከሎንዶን በስተ ምዕራብ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በቴምዝ ወንዝ አጠገብ የቆመው የዊንድሰር ግንብ ግን ዛሬም የእንግሊዝ ነገሥታት መኖሪያ ነው፤ ሕዝቡም ትኬት ቈርጦ ይጎበኘዋል። ንጉሡ ባሉበት ቀን የራሳቸው ሰንደቅ ዓላማ በክቡ ግንብ ላይ ስለሚውለበለብ፥ እንግዳው የቤቱን ጌታ መኖር ሳይጠይቅ ያውቃል።

ግንቡን በ1070 ገደማ ያስጀመረው የኖርማንዲው ዊልያም ነው (ዘመኑን የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው)። ዓላማው ወደ ሎንዶን የሚወስደውን መንገድ ለመጠበቅ ነበር። በዚያው የተወለደው ሣልሳዊ ኤድዋርድ ምሽጉን ወደ ቤተ መንግሥትነት ለወጠው።

ቤቱ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ጎልቶ የተነሣው ኖቬምበር 20 ቀን 1992 ነው። በዚያን ዕለት በጸሎት ቤቱ ውስጥ የበራ ኀይለኛ መብራት መጋረጃውን አቃጠለና እሳቱ 15 ሰዓት ያህል ነዶ ከመቶ የሚበልጡ ክፍሎችን ጎዳ። ወታደሮችና ሠራተኞች ዕቃውን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ስላወጡት የጠፋው ቅርስ ጥቂት ነው፤ ሣልሳዊ ጆርጅ ሠራዊታቸውን ሲመለከቱ የሚያሳየው የቢቺ ሥዕል ግን እጅግ ግዙፍ ስለ ነበረ ሊወጣ አልቻለም፤ እዚያው ተቃጠለ።

ግንቡ የመድን ዋስትና አልነበረውም። መንግሥት ማሳደሻውን እከፍላለሁ ቢል፥ ባለጠጋ ቤተሰብ የሚኖርበትን ቤት ግብር ከፋዩ ለምን ያድሳል የሚል ማጉረምረም ተነሣ። በመጨረሻ ዳግማዊት ኤልሳቤጥ በ1993 የበኪንግሃምን ቤተ መንግሥት በክፍያ ለጎብኚ ከፈቱ፤ ከዚያና ከዊንድሰር ግቢ መግቢያ የተገኘው ገንዘብ ከወጪው 70 በመቶ ያህሉን ሸፈነ። የአንዱን ቤት ጣራ በሌላው ቤት በር ማስከደን ለማንኛውም የሒሳብ ሹም ደስ የሚያሰኝ ብልሃት ነው። 37 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል የፈጀው ሥራ ልክ በ5ኛው ዓመት፥ ኖቬምበር 20 ቀን 1997 ተፈጸመ።

ከአገራችን የሚሄድ ጎብኚ ግን ከሁሉ ይልቅ በግቢው ባለው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት ዘንድ እርምጃውን ይገታል። ከመቅደላ በ1868 በልጅነቱ የተወሰደው የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በ1879፥ ገና በ18 ዓመቱ ሲሞት፥ በንግሥት ቪክቶሪያ ፈቃድ የተቀበረው በዚያ ነው። ቤተ ዘመዶቹ ዐፅሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ ቢጠይቁም፥ ቤተ መንግሥቱ በ2023 የሰጠው መልስ በአጠገቡ ያረፉትን ሌሎች ሙታን ሳያውኩ ዐፅሙን ማውጣት የሚቻል አይመስልም የሚል ነበር።