እጀታም በእጅ ልክ

ለስላሳ ሁሉ ምቹ አይደለም። አንድ እሑድ በተራራ ቢስክሌት ከእንጦጦ ቁልቁል ወርደን በማግሥቱ ከቢሮ ብንገባ፥ የቀለበት ጣታችንና ትንሿ ጣታችን ደንዝዘው ብዕር በወጉ መጨበጥ አቃተን። ወደ እነዚህ ጣቶች የሚሄደው ነርቭ በመዳፍ ግርጌ ያልፋልና፥ ክብደታችን በመሪው ላይ ሲያርፍ ይጫነዋል። ለልስላሴው ብለን የገዛነው ወፍራም የመሪ እጀታም ጣቶቻችን ስለማይዞሩት ይበልጥ አጥብቀን እንድንይዝ አስገድዶናል።

እንግዲህ እጀታ የሚገዛ ሰው ከመክፈሉ በፊት ይጨብጠው። ብዙዎቹ ከ30 እስከ 34 ሚሊሜትር ውፍረት አላቸው፤ ትንሽ እጅ ያለው ቀጭኑን ይምረጥ። መዳፍ የሚያሳርፍ ክንፍ ያለው ክብደትን ያከፋፍላል፤ በብሎን የሚጠብቀውም አይሽከረከርም። ኮርቻው ወደ ፊት ካዘነበለ ግን ማናቸውም እጀታ አያድንም።

ድንዛዜውን «ይለመዳል» ብለን አንለፈው፤ የሰኞው ብዕር የሚጠብቀው ያንኑ እጅ ነውና።